የግቢ ጠባቂ ውሻን ከቡችላነት ጀምሮ ማሳደግ፦ ዝርዝር መመሪያ

ጠባቂ ውሻ የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይናከሳል?» ብሎ ነው። እኔ ብሆን «ሰው ይለያል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ያገኘውን ሁሉ የሚነክስ ውሻ የጎረቤት ልጅን፣ ለጥየቃ የመጣችን አክስት፣ ቆጣሪ ሊያነብ የገባን ሠራተኛ ይነክሳል። ደፋር ሌባ አጥር ዘሎ ሲገባ ፈርቶ የሚሸሸውም ብዙ ጊዜ ይኸው ውሻ ነው፤ ሲናከስ የኖረው ስለሚፈራ ነበርና። ጥሩ ጠባቂ ቤተሰቡን የሚወድ፣ የግቢውንና የሰፈሩን ውሎ ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ ከተለመደው የወጣ ነገር ሲያይ የሚነሳ ውሻ ነው። የተለመደውን የማያውቅ ውሻ ያልተለመደውን ሊለይ አይችልም።

ምሳሌዎቼ በብዛት የሚመለከቱት በአዲስ አበባ ግቢዎች የተለመደውን ጀርመን ሼፐርድ ነው። አካሄዱ ግን ለሮትዋይለርም ለሀበሻ ውሻም ይሠራል።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ጠባቂነቱ ከየት ይመጣል?

የጀርመን ሼፐርድ ዘር መነሻ ተብሎ የተመዘገበው ሆራንድ ፎን ግራፍራት የተባለ ውሻ ነው። ማክስ ፎን ሽቴፋኒትዝ የተባለ የፈረሰኛ ጦር መኮንን የነበረ ሰው እ.ኤ.አ. በ1899 ገዛው፣ በዚያው ዓመትም የዘሩን ማኅበር አቋቋመ። የእነዚህ ውሾች ሥራ በግ ማገድ ነበር። አጥር በሌለው ማሳ ላይ በጎቹ ሰብል ውስጥ እንዳይገቡ ውሻው ድንበሩን ይዞ ቀኑን ሙሉ ይመላለሳል። ዛሬ ሼፐርዳችሁ አጥሩን ተከትሎ ሣሩ ላይ መንገድ እስኪያወጣ ድረስ ሲዞር የምታዩት ያንኑ የአያቶቹን ሥራ ነው። ማንም ሳያስተምረው ድንበር ይጠብቃል።

ዶበርማን መነሻው ሌላ ነው። አፖልዳ በተባለች የጀርመን ከተማ ግብር ይሰበስብ የነበረው ሉዊስ ዶበርማን ያዳቀለው ዘር ሲሆን ከቦታ ይልቅ ሰው ላይ ይጣበቃል። ሮትዋይለር ደግሞ የሥጋ ነጋዴዎችን ከብት ሲነዳና ጋሪ ሲጎትት የኖረ ነው፤ ረጋ ያለ፣ በጉልበቱ የሚተማመን ውሻ ነው።

ሌላው ወገን የመንጋ ጠባቂዎቹ ናቸው፤ የቱርኩ ካንጋልና የጣሊያኑ ማሬማ ከእነዚህ ይቆጠራሉ። በናሚቢያ አቦሸማኔን ለመታደግ የሚሠራ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የካንጋል ወገን የሆኑ ቡችሎችን ለገበሬዎች ሲሰጥ ቆይቷል። ውሻው በመንጋው መሀል ስላለ አቦሸማኔው ይርቃል፣ ገበሬውም አቦሸማኔውን የሚገድልበት ምክንያት ያጣል። በአውስትራሊያ ዋርናምቡል ከተማ አጠገብ ባለች ትንሽ ደሴት ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ ማሬማ ውሾች ትናንሽ ፔንግዊኖችን ከቀበሮ እንዲጠብቁ ተደርጓል። ውሻ ለፔንግዊን ምኑ ነው? ዘዴው ውሻው የሚጠብቀውን ነገር ቀድሞ እንዲለምድ ማድረግ ነው። የበግ ጠባቂ ቡችላ ገና በስምንት ሳምንቱ ገደማ ከበጎቹ ጋር የሚቀመጠውም ለዚሁ ነው። ውሻ የሚጠብቀው የለመደውን፣ የራሱ ያደረገውን ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

1. ቡችላውን መምረጥ

መጀመሪያ የምትፈልጉትን ለዩ። ሌሊት የሚነቃና የሚያሳውቅ ውሻ ብቻ ከሆነ የሀበሻ ውሻ ይበቃችኋል፤ እንቅልፉ ቀላል ነው፣ ጆሮው ፈጣን ነው፣ በትንሽ ምግብ ይኖራል። ሌባን ደጅ ላይ የሚያስቀረው ከጥርሱ በፊት ጩኸቱ መሆኑንም አትርሱ። በቁመናው የሚያስፈራ ውሻ ከፈለጋችሁ ሼፐርድ ወይም ሮትዋይለር ትመርጣላችሁ። ወንድ ሼፐርድ ሲያድግ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ይመዝናል። በየቀኑ የምታንቀሳቅሱበት ጊዜ ከሌላችሁ ባትወስዱት ይሻላል።

ቡችላውን ከማየታችሁ በፊት እናቱን እዩ። ስትገቡ ብትጮህ ክፉ አይደለም። ባለቤቷ አረጋግቷት ከተቀመጣችሁ በኋላ ግን መጥታ ታሸታችኋለች ወይስ ጥግ ይዛ ትንቀጠቀጣለች? የምትንቀጠቀጥ ወይም ካልነከስኩ የምትል እናት ልጆች አትውሰዱ። ፍርሃት በዘርም ይወረሳል፣ ከእናትም ይለመዳል። የሼፐርድ የዳሌ አጥንት ሕመም በዘር የሚተላለፍ ስለሆነ ወላጆቹ ሲነሱና ሲሮጡ የኋላ እግራቸውን አስተውሉ።

ከቡችሎቹ መሀል ቁልፍ መሬት ላይ ጣሉ። ደንገጥ ብሎ ወዲያው ሊያሸት የሚመጣውን ያዙ። ጨርሶ ያልደነገጠውም አይከፋም፤ ሮጦ ተደብቆ የቀረውን ግን ተዉት። ዕድሜው ስምንት ሳምንት ሳይሞላም አትቀበሉ። ቡችላ የንክሻውን ኃይል መለካት የሚማረው ከወንድሞቹ ጋር ሲጫወት ነው፤ አጥብቆ ሲነክስ ወንድሙ ጮኾ ጨዋታውን ይተዋል። በአንድ ወሩ ከእናቱ የተነጠለ ቡችላ ይህን ትምህርት ሳያገኝ ይመጣል።

2. የመጀመሪያዎቹ ቀናት

ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ቡችላን የሚገድሉት ፓርቮና ዲስቴምፐር የተባሉ በሽታዎች ክትባት ይጀመራል፤ በየሦስትና አራት ሳምንቱ እየተደገመ እስከ 16ኛው ሳምንት ይዘልቃል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሦስት ወር ሲሞላው ይሰጣል፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ይደገማል፣ ከዚያ በኋላ ሐኪሙ በሚነግራችሁ ጊዜ ይቀጥላል። ይህን ክትባት ሳያስከትብ ጠባቂ ውሻ የሚያኖር ሰው ቤተሰቡን ለአደጋ እያጋለጠ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ቡችላውን ብቻውን ጓሮ አትጣሉት። ድምፃችሁ የሚሰማበት ቦታ አስተኙት። በለቅሶው መሀል የሚሰማው የእናንተ ድምፅ የመጀመሪያው የታማኝነት ክር ነው።

3. ዓለምን ማስተዋወቅ

በዚህ ጉዳይ ላይ በሰፈራችን የተንሰራፋው ምክር «ኃይለኛ እንዲሆን ሰው አታሳዩት» የሚል ነው። ከዚህ የባሰ ምክር አላውቅም። ከሦስተኛው እስከ 12ኛው ወይም 14ኛው ሳምንት ድረስ የቡችላ አእምሮ ያየውን ሁሉ «ይህ የተለመደ ነው» ብሎ ይመዘግባል። ያ በር ከተዘጋ በኋላ የሚመጣ አዲስ ነገር በጥርጣሬ ይታያል። ሰው ሳያይ ያደገ ውሻ ሁሉንም ሰው ይጠረጥራል፤ ሁሉንም የሚጠረጥር ደግሞ የቱ ጥርጣሬ እውነተኛ እንደሆነ ሊነግራችሁ አይችልም። የዘወትር ጩኸቱን ትለምዱታላችሁ፣ በእውነተኛው ሌሊትም «ያ ነገረኛ ውሻ ነው» ብላችሁ ትተኛላችሁ።

ስለዚህ ለሁለት ወር ያህል በየቀኑ አዲስ ነገር አሳዩት። ክትባቱ ስላላለቀ የመንገድ ውሾች የሚሄዱበት መሬት ላይ አታስረግጡት፤ አቅፋችሁ ውጡ። ጃንጥላ የያዘ ሰው፣ ጋቢ የተከናነቡ ሽማግሌ፣ የራስ ቁር ያደረገ ሞተረኛ፣ ቆራሌው፣ ዩኒፎርም የለበሱ ተማሪዎች፣ አህያ፣ ሚኒባስ፣ የቤተ ክርስቲያን ደወልና የመስጊድ አዛን ይልመድ። የቡሄ ዕለት ልጆች ዱላ እየመቱ ሆያ ሆዬ ሲሉ አብራችሁት በሩ አጠገብ ቁሙ። በእኛ አገር ቤት ውስጥ የሚኖር ውሻ ለቅሶም ሰርግም ያያል፤ ድንኳን ይተከላል፣ የማያውቃቸው ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ ይገባሉ። ይህን ዓይነት ግርግር በቡችላነቱ ከሩቅ ካየው ሲያድግ አያብድበትም።

አስተዋውቁት ማለት ግን ሁሉም ሰው ይደባብሰው ማለት አይደለም። እንግዳውን ማየት፣ ማሽተት፣ ከእናንተ እጅ አንድ ቁራሽ ማግኘት፣ አለቀ። እንግዳ ሰው ምግብ እየሰጠ ያሳደገው ውሻ ሌባንም ጭራውን እየቆላ ይቀበላል።

ሰውነቱን ማንበብም እዚህ ላይ ተማሩ። ጋዝ ያመጣ ሠራተኛ ሲሊንደሩን በሩ ላይ ሲያሳርፍ የሚወጣውን የብረት ድምፅ አስቡ። አንዱ ቡችላ ጆሮውን ያቆማል፣ ክብደቱን የፊት እግሩ ላይ ያሳርፋል፣ አፉን ገጥሞ ያያል፣ ከዚያ ወደ እናንተ ዞር ብሎ ይመለከታል። ይህ ያያችሁት ጤነኛ ንቃት ነው፤ «ጎበዝ» በሉት። ሌላው ጭራውን እግሩ መሀል ይከታል፣ ጆሮውን ወደኋላ ይለጥፋል፣ የጀርባው ፀጉር እስከ ጭራው ይቆማል፣ ወደኋላ እያለ ይጮሃል። ይህ ፍርሃት ነው። ወደ ሲሊንደሩ አትጎትቱት፣ አትቆጡትም፤ ድምፁ የማያስጨንቀው ቦታ ድረስ አርቁትና ሲረጋጋ አንድ ቁራሽ ስጡት። ነገ ትንሽ ትቀርባላችሁ። «ሼፐርድ ነው፣ ጀግና ነው» ብላችሁ የፍርሃቱን ጩኸት ካሞገሳችሁት ፍርሃቱን እያሳደጋችሁ ነው።

4. ሰንሰለቱን ተዉት

ቀን በአጭር ሰንሰለት ታስሮ ማታ የሚፈታ ውሻ በየሰፈሩ አለ። የታሰረ ውሻ መሸሽ ስለማይችል ያለው ምርጫ ማጥቃት ብቻ ነው፤ ያንኑ ሲለማመድ ይውላል። ግቢውንም አያውቀውም። ቤተሰቡን ከሩቅ እያየ ይውላል እንጂ ከእነሱ ጋር አይኖርም፤ ታማኝነቱ ከየት ይመጣል? እንግዳ ሲበዛ የሚገባበት ሰፊ፣ ጥላና ውሃ ያለው የሽቦ ክፍል ሥሩለት። በቀረው ጊዜ ግቢው ውስጥ ይፈታ።

ጠዋትና ማታ በማሰሪያ ይዛችሁት አጥሩን ዙሩ። ማዕዘኖቹን ያሽት። በር ሲከፈት ሾልኮ እንዳይወጣ በዚያው አስተምሩት፤ ደፉ ላይ ስትደርሱ «ቆይ» ብላችሁ እናንተ ስትሻገሩ ብቻ ይሻገራል። አጥሩ ቀዳዳ ካለው አሁኑኑ ድፈኑ። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» የተባለው በአዲስ አበባ ዳርቻ ሰፈሮች ዛሬም እንዳለ እውነት ነው፤ ጅቦቹ ሌሊት ይመጣሉ፣ ውሻም ይበላሉ። ጠባቂ ውሻ ጅብን እንዲገጥም አይጠበቅበትም።

ኃይለኛ ይሆናል ተብሎ ሚጥሚጣ ማብላት፣ ጆሮ መቁረጥ፣ ጨለማ ቤት መዝጋት ሕመምና ጥላቻ ብቻ ያተርፋል። ይህን የሚያደርግ ዘበኛ ወይም ዘመድ ካለ በትሕትና፣ ግን ቁርጥ አድርጋችሁ አስቁሙ።

5. መቀራረብና መታዘዝ

የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት ውሻና ባለቤቱ ዓይን ለዓይን ረዘም አድርገው ሲተያዩ በሁለቱም ላይ ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን እንደሚጨምር አሳይተዋል። እናትንና ሕፃንን የሚያስተሳስረው ሆርሞን ነው። ሳህኑን አስቀምጦ መሄድ ይህን አያመጣም። በቀን ሁለቴ አሥር አሥር ደቂቃ ከውሻችሁ ጋር ሥሩ፦ «ና»፣ «ቁጭ»፣ «ቆይ»፣ «ቦታህ»፣ «በቃ»። አምስቱ ይበቃሉ።

ቤተሰቡ ሁሉ አንድ ዓይነት ቃል ይጠቀም። አባት «ቁጭ»፣ ልጅ «ሲት»፣ ዘበኛው «ተቀመጥ» የሚሉት ውሻ ማንንም አይሰማም። የቤት ሠራተኛዋና ዘበኛው ራሳቸው እንዲያዙትና እንዲመግቡት አድርጉ፤ ቀኑን ሙሉ አብረውት የሚውሉት እነሱ ናቸውና ከማንም በላይ ሊታዘዛቸው ይገባል። ትንንሽ ልጆችን ግን ምንም ያህል ቢያምኑት አዋቂ ሳይኖር ከትልቅ ውሻ ጋር ብቻቸውን አትተዉ። በተለይ ሲበላና ሲተኛ እንዳይጠጉት አስተምሯቸው።

6. የበሩ ልምምድ

ጠባቂ ውሻን ከተራ ጯሂ የሚለየው ይህ ልምምድ ነው፤ ከአራት ወር ጀምሮ በሳምንት ጥቂት ጊዜ አድርጉት። አንድ ዘመድ ወይም ጎረቤት በር እንዲያንኳኳ ጠይቁ። ውሻው ይጮሃል። ሁለት ሦስት ጊዜ እስኪጮህ ተዉት፤ ሥራው ነው። ከዚያ ወደ በሩ ሄዳችሁ በውሻውና በበሩ መሀል ቁሙ፤ ረጋ ባለ ድምፅ «በቃ» በሉ። ዝም ባለባት ቅጽበት፣ ለትንፋሽም ብትሆን፣ «ጎበዝ» ብላችሁ ቁራሽ ስጡት። ቀጥሎ «ቦታህ» ብላችሁ ከበሩ ራቅ ብሎ ወደተነጠፈለት ምንጣፍ ምሩት። ምንጣፉ ላይ ሲቀመጥ በሩ ይከፈታል፤ ከተነሳ በሩ ተመልሶ ይዘጋል። እንግዳው ገብቶ ይቀመጣል፣ ውሻውን አያይም፣ እጁንም አይዘረጋም። ውሻው ሲረጋጋ በማሰሪያ ይዛችሁ አምጡትና እንግዳውን ያሽት።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምንጣፉ ላይ ሦስት ሰከንድ መቆየት ራሱ ትልቅ ነገር ነው። አትቸኩሉ። በጊዜ ብዛት ውሻው የሚማረው ይህን ነው፦ እኔ አሳውቃለሁ፣ ባለቤቴ ይወስናል። ውሳኔው የእናንተ ሲሆን «በቃ» ያላችሁበትንና ያላላችሁበትን ሰዓት ይለያል። ሌሊት እናንተ ሳትኖሩ አጥር ላይ የሚንጠለጠል ሰው «በቃ» የሚል የለውም።

ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ የለመደውን ነገር ድንገት መፍራት ሊጀምር ይችላል፤ ትናንት ያለፈውን የቆሻሻ ገንዳ ዛሬ ይጮህበታል። ዕድሜው ነው። ልምምዱን ቀለል አድርጋችሁ ቀጥሉ። ሼፐርድ እውነተኛውን የጠባቂነት ብስለት የሚያገኘው ከአንድ ዓመት በኋላ እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ነው። የስምንት ወር ውሻ እንግዳ ፊት ጭራውን ቆላ ብላችሁ አትዘኑበት፣ አታስቆጡትም። እጅ ላይ ጨርቅ ጠምጥሞ ንክሻ ማስተማር ደግሞ ሙያው ላለው አሠልጣኝ የሚተው ነው። መልቀቅን ሳይማር መንከስን የተማረ ውሻ ለማንም አይበጅም።

7. የተወረወረ ሥጋ

ሌባ ብዙ ጊዜ ውሻን የሚያሸንፈው በተመረዘ ሥጋ ነው። ምግብ ሁልጊዜ በአንድ ሳህን፣ በአንድ ቦታ፣ በታወቁ ሰዎች እጅ ይሁን፤ መሬት ላይ አትጣሉለት። ከዚያ ሳያያችሁ አጥሩ ሥር ቁራጭ ሥጋ አስቀምጡና በማሰሪያ ይዛችሁት እለፉ። ሊያነሳ ሲጎነበስ ቁሙ፣ አትልቀቁለት። ተስፋ ቆርጦ ወደ እናንተ ቀና ሲል ከኪሳችሁ የተሻለ ቁራሽ ስጡት። ቦታውን እየቀያየራችሁ ደጋግሙ፤ በመጨረሻ የማያውቀው ሰው ከአጥር ማዶ ይወርውርለት። ፍጹም አስተማማኝ አይሆንም፤ የተራበ ውሻ ግን ጨርሶ አይችለውም። ስለዚህ ጠባቂን ማስራብ በር ከፍቶ እንደመተኛት ነው።

8. ምግቡ

የወጥ ትርፍራፊ ሽንኩርት ስለሚበዛበት የውሻን ደም ይጎዳል፤ ነጭ ሽንኩርትም እንዲሁ። እንጀራ ብቻውን አያሳድገውም። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ሩዝና የተቀቀለ ካሮት ያለ ቅመም ይበቃዋል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት እየተሰነጠቀ አንጀት ስለሚወጋ አትስጡ። በዐቢይ ጾም ቤቱ ሥጋ ስለማይገባበት ውሻውም አብሮ ይከሳል፤ እንቁላል ቀቅሉለት።

የበዓል ዕለት በግ ሲታረድ ጥሬ ሳንባና ጉበት ለውሻ መወርወር የቆየ ልማድ ነው፤ ይቅር። በዚያ አካል ላይ የምታዩት ውሃ የቋጠረ ከረጢት የትል ማደሪያ ነው። ውሻው ሲበላው ትሉ በአንጀቱ ያድጋል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ ከውሻው ጋር የሚጫወት ልጅም በእጁ ወደ አፉ ሊያስገባው ይችላል። ከዓመታት በኋላ በሰው ጉበት ላይ ያንኑ ከረጢት ያበቅላል። ጥሬውን ቅበሩት ወይም በደንብ ቀቅላችሁ ስጡ፤ የትል መድኃኒቱንም ሐኪሙ ባዘዘው ጊዜ አታሳልፉ።

9. ሰው ቢነክስ

ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ፣ ተጎጂውን ወደ ጤና ተቋም ውሰዱ፣ የውሻውን የክትባት ካርድ ያዙ። ውሻውን በንዴት አትግደሉት። ለ10 ቀን ተዘግቶ ይጠበቅ፤ በእነዚያ ቀናት ጤነኛ ሆኖ መቆየቱ ለተነከሰው ሰው ሕክምና የሚጠቅም መረጃ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል፤ እንስሳው በድንገት አምልጦ ቢሆንም እንኳ። በሩ ላይ «ከኃይለኛ ውሻ ይጠንቀቁ» ብሎ መጻፍ ጥሩ ነው፤ የሚዘጋ መዝጊያ ግን ይበልጣል።

10. ስትሄዱ

ብዙ ቤተሰብ ለሥራ ወይም ለልጅ ጥየቃ ውጭ አገር ሄዶ ወራት ሲቆይ ግቢውንና ውሻውን ለዘበኛ ይተዋል። በመሄጃችሁ ዕለት «እንካ» ብላችሁ አትስጡት። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሲቀር ምግቡን ዘበኛው ይስጥ፣ የአጥር ዙሩን አብራችሁ አድርጉ፣ በመጨረሻዎቹ ቀናት ዘበኛው ብቻውን ያድርገው። የበሩን ልምምድ በእሱ ድምፅ ድገሙ። የሐኪሙን ስልክ፣ የክትባቱን ቀንና የምግቡን ገንዘብ ለይታችሁ አስቀምጡ።

ስትመለሱ ውሻው እናንተን ያውቃችኋል፤ ስትሄዱ እየዳኹ የነበሩ ልጆቻችሁ ግን ዛሬ እየሮጡ ይገባሉ፣ እሱም አያውቃቸውም። በሩ ሳይከፈት ድምፃችሁን አሰሙት፣ ዘበኛው ምንጣፉ ላይ ያስቀምጠው፣ ልጆቹንም እንደ ማንኛውም አዲስ እንግዳ በማሰሪያ ይዛችሁት አስተዋውቁት።